ሞካ የገባበት ቤት

«ልጄ፣ ቡናው ሸቶናል፤ ጥሪው ግን አልደረሰንም!»

ይህችን ቃል ከጎረቤቷ የሰማች አንዲት የአርሲ ነገሌ ልጅ ሰሞኑን ምክር ፈልጋ እኔ ዘንድ መጣች። ስሟን አልጠራም። በአንድ መሥሪያ ቤት የምትሠራ፣ ዕድሜዋ ሃያ አራት ገደማ የሆነ፣ ሰው በበዛበት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ብቻዋን የምትኖር መሆኗን ብቻ ልንገራችሁ። ጥፋቷ ምን መሰላችሁ? አልሰረቀች፣ የሰው ባል አልቀማች! ከዓረብ አገር የተመለሰች አክስቷ ባመጣችላት ሞካ ጠዋት ጠዋት ለብቻዋ ቡና እያፈላች ትጠጣለች። በቃ ይኸው ነው።

«ይሄ ደግሞ ምን ጥፋት ነው?» ትሉ ይሆናል፤ በተለይ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በራችሁን ዘግታችሁ የምትኖሩት። ነገሌ ግን ሌላ ነው። እዚህ ቡና ሲሸት አጥር አያግደውም፤ የሸተተው ሁሉ እንደተጠራ ይቆጠራል። በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ «ኑ ቡና ጠጡ» ሳይባልበት የሚያልፍ ጠዋት ካለ ወይ ልቅሶ ቤት ተሂዷል፣ ወይ ጠብ አለ ማለት ነው። እናም የግቢው ሴቶች ልጅቷን «ኮራች» አሏት። ሰላምታቸው ቀዘቀዘ። አንዷማ ጭራሽ ውሃ የምትቀዳበትን ተራ እስከ መዝለል ደረሰች።

የሚያስቀው ደግሞ ያ ሁሉ ጠብ የተነሳበት ቡና የማይጠጣ መሆኑ! ራሷ ነች የነገረችኝ። «ኮሶ ነው የሚመስለው፤ አመድ አመድ ይላል። ሳፈላው ደግሞ እየተንፏፏ ስለሚጮህ ፊቴ ላይ ይፈነዳል ብዬ በር ላይ ቆሜ ነው የምጠብቀው» አለችኝ። ታዲያ ለምን አትተይውም? አልኳት። የመለሰችልኝ መልስ ግን ቀልድ አልነበረም።

ክረምት ነው። ማታ ከሥራ መጥታ ዝናቡ ስለበረታ የከሰል ምድጃውን ወደ ክፍሏ አስገብታ ቡና አፈላች። ብርዱን ያባርርልኛል ብላ ምድጃውን ሳታወጣ በሩን ዘግታ ጋደም አለች። የነቃችው ሌሊት ላይ ነው፤ ጭንቅላቷ ሊፈነዳ ደርሶ፣ እያጥወለወላት፣ እግሯ አልታዘዝ ብሏት። እየዳኸች በሩን ባትከፍት ኖሮ ዛሬ ስለ ሞካ አናወራም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ከሰል የሚባል ነገር ወደ ክፍሏ አታስገባም። ሞካዋን የምትወደው ለዚህ ነው እንጂ ለኩራት አይደለም።

ጎበዝ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ቀይ ሲሆን «አሁን ምንም አያደርግም» የምንለው ነገር ትልቅ ስህተት ነው፤ ጭስ የሌለው ፍምም ጋዙን ያወጣል። ጋዙ ደማችን ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን ተሸካሚውን ነገር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ይጣበቅበታል። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል ማለት ነው። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ቀጥሎ እንቅልፍ። እንቅልፉ ነው አደገኛው። በአንዲት ክፍል የምትኖሩ ወጣቶች፣ ተማሪዎች፣ አዲስ ሙሽሮች፣ ከሰል እደጅ ይቀጣጠል፣ እደጅ ይለቅ፣ እደጅ ይደር። እንዲህ የሆነ ሰው ካገኛችሁም ወደ ንጹህ አየር አውጡትና ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ነገር አታጠጡት።

እንግዲህ ልጅቷ ሞካዋን እንድትጥል ልመክራት አልችልም ነበር። ሁለት ሥራ ብቻ ቀረኝ፦ ቡናው እንዲጠጣ ማድረግ፣ ጎረቤቶቿን ማስታረቅ።

ይቺ ሞካ የምትባል ነገር ከየት መጣች?

ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። ስምንት ማዕዘን ያላት፣ ወገቧ ቀጠን ያለ፣ ቀሚስ የለበሰች ሴት የምትመስል የአሉሚኒየም ማፍያ ነች። ጣሊያናዊው አልፎንሶ ቢያሌቲ እ.ኤ.አ. በ1933 ሰሜን ጣሊያን ውስጥ በምትገኝ የአሉሚኒየም መሥሪያው ለዓለም አበረከታት። ሐሳቡን ያገኘው ሴቶች ልብስ ከሚቀቅሉበት፣ የሳሙናውን ውሃ በቱቦ ወደ ላይ እየገፋ ልብሱ ላይ ከሚያፈስስ ማጠቢያ ነው ይባላል። ስሟ ደግሞ ከየመኗ የሞካ ወደብ የመጣ ነው፤ ያ ወደብ በጥንት ዘመን ቡና ለዓለም ይወጣበት የነበረ፣ ከእኛ ባሕር ማዶ ያለ ቦታ ነው። እንዲያው ስታስቡት የእቃዋ ስም ራሱ ዞሮ ዞሮ ወደ እኛ ሰፈር ይመጣል።

ያን ጊዜ ጣሊያን ውስጥ ሙሶሊኒ አሉሚኒየምን የአገር ብረት እያለ የሚያስፋፋበት ወቅት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1935 ሠራዊቱን ወደ እኛ አዘመተ። ሞካ ግን በዚያ ዘመን ገና በሰፈር ገበያ የምትሸጥ ነበረች፤ ዓለምን የዞረችው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአልፎንሶ ልጅ ሬናቶ በማስታወቂያ ሲያጥለቀልቀው ነው። ጣቱን ወደ ላይ የቀሰረው ባለ ጺሙ ትንሽ ሰውዬ እቃው ላይ ተስሎ አይታችሁት ይሆናል። ሬናቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሞት አመዱ የተቀበረው ምን ውስጥ ይመስላችኋል? ሞካ በሚመስል ዕቃ ውስጥ! ፍቅር እስከ መቃብር ማለት ይኼ ነው።

እኛ አገር የጣሊያን የቡና ነገር ይበልጥ የገባው በካፌው ማሽን በኩል ነው። ማኪያቶ የሚለው ቃል ራሱ ጣሊያንኛ ሆኖ ሳለ ዛሬ ከነገሌ መናኸሪያ ጀምሮ የማያዝዘው ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ1953 ፒያሳ የተከፈተው ቶሞካም ስሙ «ዘመናዊ የቡና መቁያ» የሚል ትርጉም ካላቸው የጣሊያንኛ ቃላት የተቆረጠ ነው። ሞካ ግን ቤት ለቤት እንደ ጀበና አልተስፋፋችም። ጀበና እያለ ማን ይፈልጋታል? እውነቱን ለመናገር ሰብሰብ ብሎ ለሚጠጣ ቤት ዛሬም ጀበናን የሚተካ የለም። ሞካ ብቻውን ለሚኖር፣ ለሁለት ፍቅረኛሞች፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ታክሲ ለሚጠብቀው ሰው ነች።

አሠራሯን ከገባችሁ አትፈሯትም። ሦስት ክፍል አላት። ታች ውሃ ይገባል፤ መሐል ላይ ቡናው የሚቀመጥባት፣ ከሥሯ ቱቦ ያላት ባለ ቀዳዳ ጽዋ አለች፤ ላይኛው የተቀዳው ቡና የሚጠራቀምበት ነው። ውሃው ሲሞቅ ከላዩ የታፈነው አየርና እንፋሎት ይለጠጣል። መውጫ ሲያጣ ውሃውን ይጫነዋል፤ ውሃው በቱቦው ሽቅብ ይወጣና በቡናው መሐል አልፎ ላይ ይፈስሳል። አያችሁ፣ ሞካ ቡናውን አታፈላውም፤ ትኩስ ውሃ ታሳልፍበታለች። ጀበና ቡናውንና ውሃውን አብሮ አፍልቶ አተላውን ያዘቅጣል። ሁለቱ ዘመድ አይደሉም። ልጅቷ የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነበር፤ ሞካዋን እንደ ጀበና ነው የያዘቻት፦ የላመ ቡና፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ኃይለኛ እሳት፣ እስኪንተከተክ መጠበቅ።

እስቲ ከቡናው እንጀምር። ለነገሌ ሰው የሲዳማ ቡና ቅርብ ነው፤ ከሻሸመኔ በኩል ይመጣል። ለጀበና እንደምንቆላው ጠቁሮ ዘይቱ እስኪያብለጨልጭ አትቁሉት። ሞካ ምሬትን ታጎላለች። ከፈነዳዳ በኋላ ቡናማ ሆኖ ዘይቱ ሳይወጣ አውርዱት፤ ቶሎ አቀዝቅዙት። ደግሞም እንደ ጀበናው ተቆልቶ ወዲያው አይፈላም፤ አዲስ የተቆላ ቡና ጋዝ ስለሚያወጣ አንድ ሁለት ቀን ይረፍ። ለስኒያችን ሥነ ሥርዓት ይሄ ነውር ነው፤ አውቃለሁ! ለሞካ ግን ይሻላል።

ቀጥሎ መፍጨት። የተሳካለትን ከማይሳካለት የሚለየው ይሄ ነው። በሙቀጫ የተወቀጠ ቡና ግማሹ ዱቄት፣ ግማሹ ስባሪ ይሆናል። ዱቄቱ ማጥለያውን ይደፍነዋል፤ ውሃው ማለፊያ ያጣና ሲጮህ፣ ሲንፏፏ፣ ቡናው ሲያርር ይቆያል። ሻካራው ደግሞ ውሃውን ዝም ብሎ ያሳልፈውና ቅጥነት ይሆናል። የምትፈልጉት እንደ ደቃቅ የገበታ ጨው ያለ ነው። የእጅ ወፍጮ ካላችሁ እሰየው። ከሌላችሁ ወቅጣችሁ በደቃቅ ወንፊት ንፉት፤ ያለፈውን ዱቄት ለጀበና አስቀምጡ፣ የቀረውን ትንሽ ደግማችሁ ወቅጡት። ወፍጮ ቤት የምታስፈጩ ከሆነ «ለማሽን» በሉ፤ ግን ከካፌው ማሽን ትንሽ ሻከር ይበል።

ውሃውን አስቀድማችሁ በሌላ ዕቃ አሙቁት። ቀዝቃዛ ውሃ ይዛችሁ ምድጃ ላይ ከጣዳችሁ ውሃው እስኪግል ድረስ ከላይ ያለው ቡና ደርቆ በብረቱ ሙቀት ይጠበሳል፤ «አመድ አመድ ይላል» ያለችው ይሄንን ነው። ትኩሱን ውሃ ታችኛው ክፍል ላይ ካለችው ትንሽ የናስ መተንፈሻ በታች እስኪደርስ ብቻ ሙሉ። ይቺ መተንፈሻ እንደ ጌጥ የተለጠፈች አይደለችም፤ ማጥለያው ከተደፈነ እንፋሎቱ የሚወጣው በእሷ ነው። ውሃ ከሸፈናት ወይም በዝቃጭ ከተደፈነች አደጋው ያኔ ነው። ጽዋዋን በቡና ሞልታችሁ በጣት አስተካክሉ እንጂ አትጫኑት። ካፌ ውስጥ የምታዩት ልጅ የሚጫነው ማሽኑ 9 ባር ገደማ ጉልበት ስላለው ነው፤ ሞካ ከ1 እስከ 2 ባር ብትደርስ ነው። ስለዚህም እንደ ካፌው ወፍራም ወርቃማ አረፋ አትጠብቁ። አይመጣም።

ታችኛው ስለሚያቃጥል በጨርቅ ይዛችሁ ላይኛውን ግጠሙ። እጀታውን ግን ይዛችሁ አታጥብቁ፤ ይሰበራል። ከዚያ ምድጃ ላይ፣ እሳቱ አነስተኛ፣ ክዳኑ ክፍት።

ስለ ምድጃው አንድ ነገር፦ ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት፣ ሽቦው በሸክላው ላይ ተጠምዝዞ እርቃኑን የሚታየው የኤሌክትሪክ ምድጃ ለዚህ ሥራ አይታመንም። ሞካ ሙሉ በሙሉ ብረት ነች፤ ሥሯ ሽቦውን ከነካ ልትነዝራችሁ ትችላለች። ሽቦው የተሸፈነውን ስቶቭ ተጠቀሙ፤ ያ ከሌለ ስትጥዱም ስታወርዱም ሶኬቱን ነቅላችሁ ይሁን። መብራት ከጠፋስ? ሲሊንደር ያለው ነበልባሉ ከሞካዋ ሥር እንዳይወጣ ይቀንስ፤ ከወጣ እጀታዋ ይቀልጣል። በከሰልም ይሠራል፤ እደጅ፣ ፍሙ አመድ ለብሶ ሲረጋጋ።

አሁን ጆሯችሁንና ዓይናችሁን ክፈቱ። መጀመሪያ ጥቁር፣ ወፍራም ቡና እንደ ማር እየተንጠባጠበ ይመጣል። ቀጥሎ ቀለሙ እየነጣ፣ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ይሆናል። ያን ጊዜ ላይኛው ክፍል ሁለት ሦስተኛ ያህል ሞልቷል፤ አውርዱት! «ፉፉፉ» ብሎ እስኪጮህ የምትጠብቁ ከሆነ እንፋሎቱ የቡናውን ምሬት ሁሉ አሟጥጦ እያወጣ ነው። ሥሯን እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት፣ ወዲያው ዝም ትላለች። ታች ትንሽ ውሃ ቢቀር አይክፋችሁ፤ መቅረት ያለበት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ከፍታችን አንድ ነገር ልበል። ነገሌ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ነች። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 93 ገደማ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከዚያም ዝቅ ይላል፤ ወደ ላንጋኖ ስትወርዱ ከፍ ይላል። ፈረንጆቹ «ቡና አይፈላም፣ ይቃጠላል» የሚሉት ባሕር ዳርቻ ላይ ሆነው ነው። ቡና ለመቅዳት ተስማሚ የሚባለው ሙቀት ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ባለው ውስጥ ስለሆነ የእኛ ጀበና እየፈላም ቢሆን እዚያው መሐል ላይ ይገኛል። እናቶቻችን ቴርሞሜትር ሳይኖራቸው ልኩን ያገኙት ተራራው ረድቷቸው ነው ብል ይቆጡኛል፤ ግን ረድቷቸዋል።

ይህን ሁሉ ለልጅቷ ነገርኳት። ቡናው ተስተካከለ፤ በሦስተኛው ቀን ደውላ «ጠጣሁት!» አለችኝ። የጎረቤቱ ነገር ግን እንዳለ ነው። አንድ ጓደኛዬ «ራሷን ትቻል፣ የማንም ባሪያ አይደለችም» አለ። በዚህ አልስማማም። ያንን ሌሊት እየዳኸች በሩን ከፍታ ስትወድቅ ያነሳት ማን ነው? እኚያው «ጥሪው አልደረሰንም» ያሏት ጎረቤት ናቸው! ዝናብ ላይ ነጠላቸውን አልብሰው፣ ጤና ጣቢያ ድረስ ደግፈው የወሰዷት እሳቸው ናቸው። ብቻውን የሚኖር ሰው ጎረቤት የሚያስፈልገው ለቡና ብቻ አይደለም። ሴትየዋም የተቀየሙት ቡና አምሯቸው አይመስለኝም። ያተረፏት ልጅ በሯን ዘግታባቸው ነው።

«ሞካሽን ይዘሽ እሳቸው ቤት ሂጂ፤ እዚያ አፍዪ» አልኳት። ፈራች። አብሬያት ሄድኩ።

እኚህ እናት አረቄ አውጪ ናቸው። ነገሌን የሚያውቅ የነገሌን አረቄ ያውቃል፤ በዚህ ሙያ ልጆች ያስተማሩ፣ ቤት የሠሩ ብዙ እናቶች አሉን። (ስለ አረቄው ጉዳትና በማገዶው ስለሚያልቀው ደን ሌላ ጊዜ እንጨዋወታለን፤ ነገሩ የዋዛ አይደለም።) ልጅቷ ሞካዋን ፈታትታ ፊታቸው አስቀመጠች። ሴትየዋ አንድ በአንድ አነሱ፣ ቱቦውን አዩ፣ ጽዋውን ገጠሙ፣ መልሰው ፈቱ። ከዚያ ሳቁ። «አይ፣ ይቺማ የአረቄ ማውጫ ነች!»

እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ልጅቷን ለማስረዳት ግማሽ ቀን የፈጀብኝን ነገር እሳቸው በአንድ እይታ ጨረሱት። ታች ይሞቃል፣ ይታፈናል፣ በቱቦ ይወጣል፣ ሌላ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል። አንድ ልዩነት ብቻ አለው፤ በአረቄው ቱቦ የሚያልፈው እንፋሎቱ ነው፣ በሞካ ግን ውሃው ራሱ። «እሳቱን ቀንሺ ልጄ» አሏት ገና ሳይነገራቸው። «እሳት ከበዛ ድፍድፉ ገንፍሎ በቱቦው ይገባል፤ አረቄው ይበላሻል። ይሄም እንደዚያው ነው። ደግሞ ፊተኛው ነው ጠንካራው፤ የኋለኛው ውሃ ነው፣ አትጠብቂው።» እኔ ምን ልጨምር? ሃምሳ ዓመት ከእሳት ጋር የኖረች ሴት ናት።

ቡናው ወጣ። ስኒው ቀረበ። ሞካዋ ሥር «3 ስኒ» ተብሎ ቢጻፍም በእኛ ስኒ ሁለት እንኳ በቅጡ አልሞላችም። የጣሊያኑ ስኒ ከእኛ ያንሳል። እናትየዋ የመጀመሪያውን ፉት ብለው ዝም አሉ። ከዚያ «ጨው አለሽ?» አሉ። ጨው ተጨመረበት። «አሁን ቡና ሆነ» አሉና ጠጡት።

ሳቅ እንዳይመስላችሁ፤ በአርሲ ቡና በጨው፣ በቅቤም መጠጣት የቆየ ነው። ለሞካ ግን አንድ ሕግ አለው፦ ጨውም፣ ቅቤም፣ ጤናዳምም፣ ወተትም ስኒው ላይ ነው የሚጨመሩት። ታችኛው ክፍል ከውሃ በቀር ምንም አይገባም። ወተት ቢገባ ያርራል፣ መተንፈሻዋን ይደፍናል። ቅቤውም ሲቀዘቅዝ እንደዚያው። ማኪያቶ የሚያምራችሁ ፍቅረኛሞች ወተቱን ለብቻው አሙቁና (ሳይፈላ!) ክዳን ባለው ብርጭቆ ግማሽ ድረስ ጨምራችሁ፣ ክዳኑን በጨርቅ ይዛችሁ ነቅንቁት። አረፋ ይሠራል። ካፌ ለሁለት ማኪያቶ የሚወጣው ብር ለስንት ቀን የቤት ቡና እንደሚበቃ ራሳችሁ አስሉት።

ከዚያ በኋላ የግቢው ነገር እንዲህ ሆነ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ሞካ፤ ማንም አይቀየምም፤ «የሥራ ቡና» ብለው ስም አውጥተውላታል። እሑድ ጀበና፣ በእናትየዋ በረንዳ ላይ፣ ከሰሉ እደጅ። ቡናውን ልጅቷ ታመጣለች። ውሃ የምትቀዳበት ተራ ተመለሰላት? ተመልሶላታል። ያቺ አንዷ ግን እስካሁን በደንብ አትስቅላትም። እሷን እንግዲህ ቡናም አይፈታት።

ስለ ማጠብ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። አዲስ ሞካ እንደገዛችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ቡና አፍልታችሁ ድፉት፤ የፋብሪካ ሽታዋ ይወጣል። ከዚያ በኋላ በሙቅ ውሃና በእጅ ብቻ ይበቃታል። በሽቦ አትፈትጓት፣ በረኪና አታስነኳት፤ አሉሚኒየሙ ይጠቁራል፣ ይበላል። አጥባችሁ ሳትደርቅ ገጥማችሁ አትደቱ፤ ትሻግታለች። «ጥቁሩ የቡና ቅባት ይቆይ፣ ጣዕም ይሰጣል» የሚሉ አሉ፤ የቆየ የቡና ዘይት ግን የሚሰጠው የሻገተ ሽታ ነው። በመካከል ያለችውን ጎማ፣ ጋራዥ ያሉ ልጆች ጓርኒሲዮን የሚሏትን፣ ደርቃ ስትሰነጣጠቅ ቀይሯት። እንፋሎት በጎን ከወጣ ቡናው ሽቅብ አይወጣም፤ ብዙ ሰው «ማሽኑ ተበላሸ» ብሎ የሚጥለው በዚህች ጎማ ምክንያት ነው።

ውሃውስ? ታችኛው ክፍል ውስጥ ነጭ ነገር ከተጋገረ ውሃችሁ ጨዋማ ነው ማለት ነው፤ ሎሚ በተጨመረበት ውሃ አሙቋት፣ ይለቃል። በስምጥ ሸለቆው ዝቅተኛ ሥፍራ ላላችሁ ደግሞ፣ እዚያ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ነው፤ የልጆችን ጥርስ የሚያበልዘው እሱ ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያወጣም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይበልጥ ይጠነክራል። ለቡናም ለመጠጥም ከቧንቧው የተሻለ ምንጭ ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ።

የመጨረሻዋ ጥያቄ ከእናትየዋ ነች። «ትልቁን፣ ስድስት ስኒ የሚለውን ገዝታ ብቻዋን ስትሆን ግማሽ ብታፈላበትስ?» አሉኝ። አይሆንም። ሞካ የምትሠራው በልኳ ስትሞላ ነው፤ ጽዋዋ ግማሽ ከሆነ ውሃው በባዶው በኩል ሾልኮ ያልፋል፣ ቡናው ቅጥነት ይሆናል። ለአንድ ሰው ትንሿን፣ ለአራት ሰው ትልቋን። እናትየዋ ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ሁለቱንም ትግዛ» አሉ። ልጅቷ ደመወዝ እየጠበቀች ነው።